ቺፕ ውስጥ የተሸሸገችው ግመል

በየትኛውም ከተማ፣ ጦርነት ኖረም አልኖረም፣ የተዘጋ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው አይጠፋም። ለሀርጌሳ የደረሳት ሊቀ ጠበብት ዘሩባቤል ነው። ከደርግ ጦር የሬዲዮ ጥገና ክፍል ተርፎ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሱቅ ከፈተ። የእጅ ሰዓት ሊያሠሩ የሄዱ ሰዎች ጃንጥላቸው ተፈታትቶ ጠብቋቸዋል።

የሰፈሩ ሴት ዴቆ ድሬዳዋ ስላደገች በአማርኛ ልትረግመው ትችል ነበር። ያን ቀን ግን እርግማኗን ዋጠች። አየር ማረፊያው አካባቢ ተኩስ ሲከፈት ልጇ ኡባህ ከጎረቤት ጋር ወደ ድንበር ሸሽታ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ከስደተኞች ካምፕ በመገናኛ ሬዲዮ ልትጠራት ነው። የሰፈሩ ሬዲዮ ደግሞ ሊቀ ጠበብቱ ጠረጴዛ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል።

"ጥገናው አልቋል እኮ ዴቆዬ፣ አቧራ ነው የነበረው" አላት። "ግን ነይ፣ ይቺን ቺፕ እያት።"

ቺፗ መሃሏ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አላት። ዘሩባቤል ከተዘጋ ክሊኒክ ባመጣው ማይክሮስኮፕ ሲያያት፣ የሠራት መሐንዲስ ከጸጉር በቀጠኑት መስመሮች ጥግ ግመል ስሎባታል።

"ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲባል ሰምቻለሁ" አለ፤ "ይሄ ግን ግመል ስሎ አጎንብሶ ነው።"

"መልሳትና ልጄን አገናኘኝ። ያለሷ ሬዲዮው ዲዳ ነው ብለኸኛል።"

"እመልሳለሁ፤ ትንሽ ሰው ይያት።"

ሰው ተሰለፈ። ጉሌድና መውሊድ የሚባሉ ሁለት ታጣቂዎችም ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ተራ ያዙ። የግመል ባለቤት የሚታወቀው በግመሏ ጭን ላይ በጋለ ብረት በተተኮሰ ምልክት ነው። ጉሌድ ዓይኑን ደቅኖ ቆየና "ምልክቱ የእኛ ጎሳ ነው" አለ።

መውሊድ ገፋ አድርጎት አየ። "ወላሂ የእኛ ነው።"

ምልክት ያሉት የኤሌክትሪክ መስመር ነበር። ግን ማን ይስማ? ጉሌድ ቺፗን ካልወሰድኩ አለ፣ መውሊድ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ኡባህ በዚያ በኩል መጣራት የምትጀምርበት ሰዓት ደርሷል።

ሊቀ ጠበብቱ ስለ አንዲት ብሎን እንኳ ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም። የዴቆን ፊት አየ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ።

"ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ" አለ። "ሻኛ የመሰለኝ ጭነት ነው። አህያ ናት።"

ለአህያ የሚጋደል ጎሳ የለም። ሁለቱ "ግመልና አህያ የማይለይ ሐበሻ" እያሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እየሳቁ ወጡ። የተሰለፈውም ሰው ተከተላቸው።

ቺፗ ገባች። ሬዲዮው ጥቂት ካጓራ በኋላ "ሆዮ፣ ሆዮ" የሚል ድምፅ መጣ፤ እናቴ፣ እናቴ ማለት ነው። ዴቆ መልስ ከመስጠቷ በፊት አለቀሰች።

ተነጋግረው ሲጨርሱ ዘሩባቤል ሬዲዮውን እየዘጋ አንገቱን ደፍቷል። ከተማው ነገ ምን እንደሚለው ያውቃል። ዴቆ ያን አንገት አየችው።

"ግመል ናት" አለችው።

"አንቺ መቼ አየሻት?"

"አላየኋትም። ማንም ቢጠይቀኝ ግን ግመል ናት።"