«ጥናቱ ገና ነው»

በየቤተሰቡ አንድ አጥኚ አለ። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ አጥኚው ራሱ ነው ማለት ነው። አጥኚ ስል ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀውን ዓይነት አይደለም። ዕቃ ሳይገዛ ስለ ዕቃው ሁሉን የሚያውቀውን ነው። ማንቆርቆሪያ ሊገዛ አስቦ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ውሃ ሲያፈሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ሲመለከት ይከርምና፣ በመጨረሻ ሻዩን በድስት ያፈላል። ሌላው የመግዛት ሱስ አለበት፤ እሱ የመምረጥ ሱስ አለበት። የመግዛት ሱሰኛ ቢያንስ ዕቃው ይተርፈዋል።

ይህኛው ክቡር አጥኚ ልብስ ሰፊ ነው። ሥራው ላይ ሌላ ሰው ነው። ደንበኛ የሱፍ ጨርቅ ይዞለት ሲመጣ ይለካል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ መቀሱን ያስገባል፣ አለቀ። ባለቤቱ ጸጉር ሠሪ ናት። መጀመሪያ የተዋወቁት ቀሚስ ልታሳጥር ሄዳ ነው፤ እጁ ጨርቁ ላይ ሳያወላዳ ሲሄድ አይታ፣ ይህ ሰው ቁርጡን ያወቀ ነው ብላ አገባችው። እንዴት እንደተሸወደች እስከ ዛሬ ይገርማታል።

ሲጋቡ ወንድሟ ፍራሽ አውሷቸው ነበር፣ የራሳቸውን እስኪገዙ። አጥኚው የስፖንጅ ዓይነቶችን ማጥናት ጀመረ። ወንድሟ ፍራሹን በጠየቀ ቁጥር መልሱ «ትንሽ ታገሠን፣ ጥናቱ ገና ነው» ነበር። ወንድምዬው ሲሰለቸው ለራሱ ሌላ ገዛ። ባልና ሚስቱ አሁንም እዚያው ፍራሽ ላይ ናቸው፤ ጥናቱም እንደቀጠለ ነው። የክቡርነታቸው ስልክ ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። በዓለም ላይ የወጣውን አዲስ ስልክ ሁሉ የሚያዩት በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ሰው ግን ያከብረዋል። ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይመጣል። ይመጣና ያሰበው ዕቃ ሞተሩ ምን እንደሆነ፣ ምኑ ቶሎ እንደሚሰበር፣ ከእሱ የተሻለው የትኛው እንደሆነ፣ የተሻለው ደግሞ ምን ችግር እንዳለበት ይሰማል። ከዚያ ግራ ተጋብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዲት የባለቤቱ የሥራ ባልደረባ ስለ ጸጉር ማድረቂያ ላማክር ብላ መጥታ፣ ወጥታ ስትሄድ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር መፍራት ጀምራ ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የጸጉር ሠሪዋ እጅ ግን አላሳቀም።

ቀኑን ሙሉ ማበጠሪያና ማድረቂያ ይዞ የሚውል እጅ፣ ማታ ደግሞ የጸጉር ሳሎኑን ፎጣ ቤት አምጥቶ ያጥብና ይጨምቃል። የግራ እጇ አንጓ ማበጥ ሲጀምር ችላ አለችው። ማበጠሪያ ከእጇ መውደቅ ሲጀምር ግን ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ አንጓዋን በማሰሪያ አሠረላትና፣ ፎጣ መጭመቅ ካልተውሽ ጸጉር መሥራቱን ራሱ ትተዋለሽ አላት። ይህን ለአጥኚው ስትነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። የዚያኑ ቀን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥናት ተከፈተ። የቤቱን ልብስ እሑድ እሑድ እሱ ተረከበ፤ የሳሎኑ ፎጣ ግን እሑድን አይጠብቅም። በየቀኑ ይረጥባል፣ በየቀኑም ይታጠባል። እሱ ከሱቁ ዘግይቶ ሲመጣ እሷ በደህናው እጇ ስትታገል ያገኛታል፤ ይቆጣታል፤ ከእጇ ነጥቆ ይጨምቃል፤ ከዚያ ስልኩን ያወጣል።

ያን ሰሞን እራት የሚበላው በማሽን ድምፅ ታጅቦ ነበር። የየማሽኑ ጩኸት እንዲለይለት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይከፍትና፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማሽኑ ሲሽከረከር ያዳምጣል። «ይሄኛው ያጓራል» ይላል። «ይሄኛው ደግሞ ሲጨርስ ይንቀጠቀጣል።» እሷ መቼ ነው የምትገዛው ስትለው መልሱ ያው ነው። ጥናቱ ገና ነው።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሁለት ትልልቅ ብርድ ልብስ ተሸክመው መጡ። እንኳን ደስ አላችሁ አሉ። ማሽኑ ሲሠራ በግድግዳው በኩል በየምሽቱ ይሰሙታል፤ እንዲያውም ድምፁ ደስ ይላል። ለእነዚህ ብቻ አንዴ ማሽኑን ቢያውሷቸው ብለው ነው። ጸጉር ሠሪዋ ማሽን የለንም፣ የስልክ ድምፅ ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ አሳየቻቸው፤ ባልዲና ፎጣ ብቻ ነበር። እሳቸው የተዘጋውን የመኝታ ቤት በር በዓይናቸው ለካ አደረጉና ፈገግታቸው ጠፋ።

«ልጄ፣ አልፈልግም ማለት ይቻላል እኮ» አሏት። «መደበቅ ግን ምን ይባላል?»

ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ጸጉር ሠሪዋ ቆሽቷ አረረ። በሌላት ማሽን ንፉግ ተባለች፤ እጇ ደግሞ ማታ ማታ መጠዝጠዙን አልተወም። ሰኞ የሳሎኑ ዕረፍት ነበር። ለማንም ሳትናገር የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄደች።

የመደብሩ ሻጭ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት። መጀመሪያ ያየችው የታሰረውን እጅ ነው።

«የልብስ ሰፊው ባለቤት ነሽ አይደል?» አለቻት።

ጸጉር ሠሪዋ ልትክድ ምንም አልቀራትም ነበር። ባሏ እዚህም መጥቶ ሰው አሰልችቷል ማለት ነው። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር ሻጯ ሳቀችና ክንዷን ይዛ ወደ ማሽኖቹ ወሰደቻት። ሰውዬው ይመጣል፣ አለቻት። እየመጣም በግራ እጁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ የየማሽኑን በር ለመክፈት ይሞክራል። ካልተከፈተለት ስለ ሌላው ነገር አይጠይቅም፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሳሙና መክተቻውንም እንደዚያው፣ የታችኛውን የውሃ ማጥለያ ክዳንም እንደዚያው። አንዱ ብቻ ተከፈተለት። ሻጯ እሱን እንዲወስድ ብትለምነው እምቢ አለ።

«ምን ብሎ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ።

«ጨርቅ ላይ ብሳሳት ሌላ ጨርቅ እገዛለሁ፣ እዚህ ብሳሳት ግን የምትቀጣው እሷ ናት ብሎ። ይኸው እየተመላለሰ ነው።»

ጸጉር ሠሪዋ በንዴት የተዘጋጀችበት ንግግር ሁሉ የት እንደገባ አላወቀችም። ማሰሪያ ያለበትን እጇን ዘርግታ የዚያን ማሽን በር በሁለት ጣቷ ሳበችው። ተከፈተ። አላመማትም። እዚያው ቆማ ሱቁ ደወለችለት።

«በሁለት ጣት የሚከፈተው ማሽን ፊት ነኝ» አለችው። «ከፈትኩት።»

ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሌላም ሞዴል ሊመጣ ነው የሚል ወሬ እንዳለ፣ ትንሽ ቢታገሡ እንደሚሻል ሊያስረዳ ጀመረ።

«ስማኝ» አለችው። «እጁ የኔ ነው። ስህተትም ከሆነ የራሴ ይሁን።»

«እሺ፣ ግዢው» አለ፤ ጎረምሳ ሳለ ለጋብቻ ሲጠይቃት እንኳ ድምፁ እንዲህ አልራደም።

ማሽኑ የዚያኑ ዕለት ገባ። የመታጠቢያ ቤታቸው ወለል ወደ ውሃ መውረጃው ያዘነበለ ነው። ማሽኑ ፎጣውን አጥቦ መጭመቅ ሲጀምር ከቦታው ተነቃነቀ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠ ወደ በሩ መጓዝ ጀመረ። እሷ ደነገጠች። እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ሁለት እጁን ዘርግቶ ማሽኑን አቀፈው፣ ደረቱን አስደገፈበትና ያዘው። አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ ጉንጮቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንዲት የትችት ቃል ግን አልወጣውም፤ እንደ እሱ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«እንደሚሄድ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«አውቃለሁ። ክብደት የለውም፣ ተዳፋት ላይ አይቆምም።»

«ታዲያ ስደውልልህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከፈትኩት ስትዪ ድምፅሽን ሰማሁታ» አላት፣ ማሽኑን ሳይለቅ። «የቀረው በኔ ይሁን አልኩ።»

ያን ጊዜ፣ እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ይህን እየተንቀጠቀጠ የቆመ ሰው ምን ያህል እንደምትወደው ታወቃት። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጸጥ ሲል በሩን በሁለት ጣቷ ከፈተች፤ የተጨመቀውን አወጣችና የቀረውን ፎጣ አስገባች። እሱም ላቡን በክንዱ ጠረግ አድርጎ ቦታውን ያዘ።