የሶኬቱ ዘበኛ፣ ክቡር ሴው ኦታሲሊዮ

እግዜር ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ሰካራም፣ አንድ ወሬኛና አንድ «ቆይ!» ባይ መድቧል። ሰካራሙ ሲሞት ሌላ ይተካል፤ ወሬኛዋ ስትደክም ልጇ ትቀጥላለች። ቆይ ባዩ ግን ተተኪ አያሻውም፤ አይሞትማ። እንዴት ይሙት? ሞት ራሱ በር ሲያንኳኳ «ቆይ፣ መጀመሪያ ገመዱን ልየው» ይለዋል።

በሬሲፊ ከተማ፣ በካዛ አማሬላ ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ሴው ኦታሲሊዮ፣ በእኛ አነጋገር አቶ ኦታሲሊዮ፣ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ፣ በሩ በደንብ ሳይዘጋ ሹፌሩን «እንዳትነቃነቅ» ሲሉ ኖረዋል። ጡረታ ወጥተው አውቶቡሱ ሲቀርባቸው የሰፈሩን ሶኬቶች በሙሉ በቁጥጥራቸው ሥር አደረጉ። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የቻለም የለም።

ለሠርግም ለለቅሶም የጎማ ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርጉት፤ ከኮረንቲ ያድናል ብለው። ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው። «በአንድ እጅ የነካ ይደነግጣል፤ በሁለት እጁ የነካ ኮረንቲው ልቡን አቋርጦ ነው የሚያልፈው» ይላሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «ኮረንቲ ዘመድ አያውቅም» ደግሞ የጠዋትና የማታ ጸሎታቸው ነው። አንድ እሑድ ቄሱ በድምፅ ማጉያው «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሴው ኦታሲሊዮ ከምእመናኑ መሃል ተነሥተው «ይቆዩ አባ፣ ገመዱ ውሃ ላይ ተኝቷል» አሉ። የአበባው ማስቀመጫ ፈስሶ ኖሯል። ቅዳሴው ወለሉ ተወልውሎ እስኪደርቅ ጠበቀ።

ሌላ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ታጭቆ፣ ዳኛው የፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ፣ ተጫዋቹ ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ስክሪኑ ጨለመ። ዞር ቢሉ ሴው ኦታሲሊዮ ስፒናውን ነቅለው ይዘው ቆመዋል። «ይሸታል» አሉ። እውነትም ስፒናው ጠቁሮ ነበር። ሰፈሩ ግን ግቡ መግባቱን የሰማው ከማዶ ሰፈር ጩኸት ስለሆነ፣ ለብዙ ቀን ደህና ዋሉ ያላቸው አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና፣ እሳቸው በማግስቱ ሌላ ቤት ገብተው የካውያ ገመድ ሲያገላብጡ ታዩ።

በእሳቸው በጣም የምትማረረው የአጥር ጎረቤታቸው ዶና ኤዲልዛ፣ ማለትም ወይዘሮ ኤዲልዛ፣ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌቱ እንጀራዋ ነው፣ ፍቅሯ ግን ሽቦ ነው። ድሮ በሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ውስጡ እሳት የሚነድበት የወረቀት ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቀቅ ነበር። ጣራ እያቃጠለ ሲያስቸግር ተከለከለ። ኤዲልዛ ታዲያ እሳቱን በትንንሽ መብራቶች ተክታ፣ በሞተር እየተሳበ ምሰሶ ጫፍ ድረስ የሚወጣ ፊኛ ሠራች። አምና ሴው ኦታሲሊዮ በቆሎ ሊገዙ ዞር እስኪሉ ጠብቃ ሰካችው። ፊኛው አልበራም፤ ጨሰ። ልጆቹን ሳል ያዛቸው፣ አኮርዲዮኑ ቆመ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ዶና ጭስ» ሆኖ ቀረ። ዳቦ ቤት ሳይቀር «የዶና ጭስን ዳቦ ስጧት» ይባላል። አብራቸው ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ያንገበግባታል። ዘንድሮም ከጨሰ ሽቦውንም ሞተሩንም ለቆሻሻ መኪና ሰጥታ፣ ዳግመኛ ላትነካው ለራሷ ምላለች።

የአክስቷ ልጅ ጁራንዲር ለበዓሉ ከሳልቫዶር ሲመጣ በገዛ እጁ የሠራውን የብረት ሳጥን ይዞላት መጣ። ውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር አለበት፤ ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ለፊኛዋ ወደሚስማማ አሥራ ሁለት ቮልት ያወርዳል። ሌላ መለዋወጫ የላትም። «በዚህ ሳጥን ስንት የካርኒቫል መኪና አብርቼበታለሁ መሰለሽ» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢዋ ውስጥ ሽቦውን አገጣጥማ፣ ስፒናውን ይዛ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አለች።

«ቆይ!»

ሴው ኦታሲሊዮ በአጥሩ በር ገብተዋል። ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ነው፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ አንድ የድሮ አምፖል።

«ፊውዙ የት አለ?» አሉ።

«መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ፣ ሴው ኦታሲሊዮ።»

«የመሬት መስመሩስ?»

«ከሳጥኑ ብረት ጋር ታስሯል።»

«ገመዱ ቢጎተት ይመዘዛል?»

«ውስጥ ተጠፍሯል። ይጎትቱት።»

ጎተቱት። አልተመዘዘም። «በይ ክዳኑን ግጠሚው። ክፍት ሳጥን የሞኝ ጣት ይጠራል።»

የጁራንዲር ትዕግሥት አለቀ። «አባባ፣ እርስዎ መሐንዲስ ነዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ቲኬት ቆራጭ ነኝ። ቲኬት ደግሞ ገደል ከተገባ በኋላ አይቆረጥም።»

አምፖላቸውን በግድግዳውና በሳጥኑ መካከል አስገቡት፤ ኃይሉ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት በአምፖሉ ያልፋል ማለት ነው። «ሳጥኑ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል» አሉ። «በሽተኛ ከሆነ ቦግ ብሎ ይቀራል። ሕመሙን አምፖሉ ይቀበለዋል፤ ሳጥኑ ይተርፋል።»

ጁራንዲር ሳቀ። ኤዲልዛም ሌላ ጊዜ ብትሆን ትስቅ ነበር። የአምናው ጭስ አፍንጫዋ ላይ መጣባትና፣ ግራ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ሰካች።

አምፖሉ ቦግ አለ። ሳጥኑ ማጉረምረም ጀመረ።

«ንቀይው» አሉ ሴው ኦታሲሊዮ በቀስታ። ነቀለችው።

ሕመሙ ምን እንደሆነ እሳቸውም አላወቁም፤ አምፖሉ መታመሙን እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም። ኤዲልዛ ሳጥኑን እንደ ቀሚስ ገልብጣ ከጀርባው አየችው። እታች ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች። አጠገቧ 127 ይላል። የሳልቫዶር ግድግዳ መቶ ሃያ ሰባት ቮልት ነው የሚሰጠው፤ የሬሲፊው ሁለት መቶ ሃያ። ከዚያ የመጣ ዘመድ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ሳያቃጥል የተመለሰበት ዓመት የለም።

«ጁራንዲር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

አየና አንገቱን አከከ። «እሷማ... የቮልት መምረጫ ናት፤ እኛ ቤት ማንም ነክቷት አያውቅም።»

«ያው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው» አለችው። በካቻቢቴ ጫፍ ማዞሪያዋን ወደ 220 ገፋቻትና እንደገና ሰካች። አምፖሉ ብልጭ አለ። ደበዘዘ። ሳጥኑ ዝም አለ። ኤዲልዛ እጇን ከኪሷ አውጥታ አጨበጨበች፤ ጁራንዲርም ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ።

ሲመሽ አኮርዲዮኑና ከበሮው ቀለጠ፣ መንገዱ በተጠበሰ በቆሎ ሽታ ታወደ። አምፖሉ ተነሥቶ ሳጥኑ በቀጥታ ለመሰካት ተዘጋጅቷል። «ዶና ጭስ፣ ባልዲ ውሃ እናምጣ?» አለ አንዱ ቀልደኛ፣ ሰውም ሳቀ። ኤዲልዛ ስፒናውን አነሣች። ሰካችው።

ፊኛው ከሥሩ ቀላ። ቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሞላ፣ ሞተሩ ሳበው፣ ከጣራዎቹ በላይ ወጣ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ደርሶ ሰፈሩን ሁሉ አበራው። መንገዱ በጩኸት ተናወጠ። ያ የባልዲ ቀልደኛ ባርኔጣውን አውልቆ «ኤዲልዛ! ኤዲልዛ!» እያለ ያስጨፍራል። «ጭስ» ብሎ የጠራት አንድም ሰው አልነበረም። እሷ በደስታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ልትደብቀውም አልሞከረች።

ያኔ ሴው ኦታሲሊዮን ፈለገቻቸው። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጧል። እሳቸው ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም።

«ሴው ኦታሲሊዮ፣ ቀና ይበሉ እንጂ፤ ጫፍ ደርሷል እኮ።»

«አንቺ እዪው። እኔ ይቺን ይዣታለሁ።»

«እንዴት ናት?»

«ለብ ብላለች። ጤነኛ ናት።»

አንጀቷን በሏት። እጃቸውን ይዛ ልታስነሣቸው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። የበዓል ቀሚሷን ሰብስባ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ቀዩ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው» አለቻቸው። «ንፋሱ ትንሽ ያወዛውዘዋል። አንዲት ሕፃን አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ልትይዘው እጇን ዘርግታለች።»

«ይርገበገባል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ሴው ኦታሲሊዮ ሳጥኑን እያዩ ፈገግ አሉ። መዳፋቸውን አላነሡም።

«በይ ንገሪኝ» አሉ። «ከዚያስ?»