ጋሼ ወርቁ የገጠሙት የስዊድን ጠረጴዛ

የዕቃ መግጠሚያ መመሪያ አንብቦ የሚጨርስ ሐበሻ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ አስተዋውቁኝ። እኔ እንኳ ማንበቡን አንብቤ ነበር። ጥፋቱም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ እዚሁ አትላንታ ነው። ጓደኛዬ በቀለ አልማዝን ሊያገባ ፈለገ። አልማዝም ወዳለች። የቀሩት አጎቷ ጋሼ ወርቁ ናቸው። አባት ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ያለ እሳቸው ቃል ንቅንቅ አትልም። እሳቸው ደግሞ "ቆሞ ለሚበላ ሰው ልጅ አልሰጥም፤ ቅዳሜ መጥቼ ቤቱን አያለሁ" ብለዋል። ምን ይፈረድባቸዋል? ብሩክሄቨን ያለችው የበቀለ አፓርትመንት ውስጥ የነበረው አንድ ፍራሽና አንድ ሬዲዮ ብቻ ነው።

በቀለ ደነገጠ። ከሥራ ኦፍ ጠይቆ ወጣና ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ገዛ። የስዊድን ሥራ ነው አሉት። ቤት ገብቶ ካርቶኑን ሲከፍተው ጠረጴዛ የለም! ጣውላ፣ ብሎንና አንዲት የታጠፈች ትንሽ ብረት። "ተሸወድኩ!" ብሎ ደወለልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩለት። ወንበሮቹን እንደ ምንም ገጥመን ወደ ጠረጴዛው ስንዞር በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ወርቁ ከሚኖሩበት ከማሪዬታ ከአልማዝ ጋር ነድተው ከች አሉ። ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ቀድመው! ሐበሻ ቀድሞ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጣውላውን እንዳዩ ኮታቸውን አወለቁ። ያደጉት አናጢ ቤት እንደሆነ ነገሩን። አናጢው ጎረቤት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። "አንተ አንብብ፣ እኔ እገጥማለሁ" አሉኝ።

እኔም የመመሪያውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ የፋብሪካው ታሪክ ኖሯል! ጫካ ውስጥ ባለች መንደር አንድ አናጢ ጠረጴዛ ይሠራል። በጋሪ ጭኖ ከተማ እስኪደርስ የጠረጴዛው እግር ይሰበራል። ሁልጊዜ ከገዢ ጋር ጭቅጭቅ ነው። ሚስቱ ሰለቻትና "እግሩን ለብቻ ለምን አትጭነውም? የገዛው ራሱ ይግጠመው" አለችው። ፋብሪካው ከዚያ ወዲያ አደገ ይላል። ጋሼ ወርቁ ተደሰቱ። "ድካሙን ለገዢው፣ ገንዘቡን ለራሱ! ይቺ ሴት የዋዛ አይደለችም" አሉ። እንደገና አስነበቡኝ።

ገጹን ስገልጥ ፊደል የሚባል የለም። ሥዕልና ቀስት ብቻ።

"ጋሼ፣ ጽሑፉ አለቀ። የቀረው ሥዕል ነው" አልኳቸው።

"ሥዕል ለሕፃን ነው፤ ዝጋው" አሉ። ዘጋሁት።

ገጠሙት እንግዲህ። ሁለቱን እግር ገልብጠው በዚያች በታጠፈች ብረት አሰሩት። አንድ እፍኝ ብሎን ሲተርፍ "መለዋወጫ ነው" ብለው ለበቀለ ሰጡት። ሲያቆሙት ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ አዘነበለ። ሁላችንም አየን። ግን ማን ይናገር? ሽማግሌ ናቸው፤ ያውም ልጅ የሚጠየቁ። በቀለ እኔን አየ። እኔ አልማዝን አየሁ። አልማዝ ጣሪያውን አየች። ዝም አይነቅዝም አልኩ በልቤ።

አልማዝ ይዛው የመጣችውን ምሳ አቀረበች። ብርጭቆው መንሸራተት ሲጀምር በቀለ በግራ እጁ ያዘው። እኔ የውኃውን ጆግ ያዝኩ። እንዲህ ሆነን በላን። ጋሼ ወርቁ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና "እንዴት ነው?" አሉ።

ፈራሁ። በቀለ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው።  

"ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" አለ።

ጋሼ ወርቁ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። ፍራሹንም አዩ፣ ሬዲዮውንም አዩ። "በገዛ እጄ ያቋቋምኩትን ቤት አልንቅም። ሽማግሌ ላክ" አሉ። አልማዝ አለቀሰች። እኔም ልዋሻችሁ አልችልም፣ ጆጉን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ አባቶች። በቀለ እውነቱን ዋጠና ከአልማዝ ጋር አደረ።

ከሠርጉ በኋላ ግን አላስችል አለው። ሥዕሉን ዘርግቶ እግሮቹን ገለበጠ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። እሑድ ጋሼ ወርቁ ሊጠይቋቸው መጡ። ብርጭቆ አስቀመጡ፤ አልተንሸራተተም። ቅር አላቸው። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ።

"ማነው ሥራዬን ያበላሸው?" አሉ።

በቀለ ሄዶ የታጠፈችዋን ብረት አመጣላቸው።