የሀጂ ተማም ሳል

ሕመምን ሁሉ «ብርድ ነው» ብሎ የሚገላግል ሰው በእናንተስ ሰፈር የለም? እኛ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈራችን አለን፤ ጎረቤቴ ሀጂ ተማም። ወገቡን የቆረጠውም ሆዱን የነፋውም በደጃፋቸው ካለፈ ፍርዱን ሰምቶ ይሄዳል። አምና ታዲያ ራሳቸው ክረምቱን ሙሉ ሲስሉ ከረሙ። ባለቤታቸው አዴ ከድጃ ቢለምኑ፣ እኔም ብለምን፣ «ብርድ ነው» ብለው መለሱን። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከጉያቸው አትጠፋም።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሌሊሴ መጣች። እሷ እንደኛ አልለመነችም።

«ሀጂ፣ ተላላፊ በሽታ የሚቆጣጠረው የአገሪቱ ተቋም የሰነበተ ሳል ሁሉ እንዲመረመር ይፈልጋል» አለቻቸው።

«አዲስ አበባ ያለው?»

«አዎ።»

«የኔንም ሳል?»

«የእርስዎንም።»

ሀጂ አዲሱን ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው ቀና ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ውጤቱ የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ ሆነ። ያን ቀን ስለ ብርድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ «ልጅቷስ?» ብቻ አሉ። ልጅቷም ተመረመረች፤ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነበረች፤ መከላከያ መድኃኒት ተሰጣት። እሳቸውም ክኒናቸውን ሳያስታጉሉ ወስደው ዳኑ።

አሁን ማንም ሳያዛቸው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው ወረፋ ያስይዛሉ። «ሀጂ፣ ተቀጠሩ እንዴ?» ብላቸው ቅር አላቸው።

«እኔ እኮ» አሉኝ፣ «ሳሌን ለአገሬ ያስረከብኩ ሰው ነኝ።»