የሚሰማ ተማሪ

ከማይሰማ ተማሪ የሚብሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሚሰማ ተማሪ!

ለባዮሜዲካል ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፍ አጻጻፍ አስተምራለሁ። «ተረጋገጠ አትበሉ፤ ሊያመለክት ይችላል በሉ» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ሁሉም ረሱት፤ ከናትናኤል በቀር። እሱ ትምህርቱን ኑሮው አደረገው። ፒያሳ ካፌ ገብተን አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለው፣ «ማኪያቶ የመፈለግ አዝማሚያ ይታይብኛል» ይላታል። እሷ ታዲያ ምን ታምጣ?

ይሁን፤ በማኪያቶ ትዳር አይፈርስም። ባለፈው ሳምንት ግን «ሽማግሌ ይሁኑልኝ» ብሎ አፍንጮ በር፣ የሚወዳት ልጅ ቤተሰቦች ጋ ላከኝ። እኛ ሽማግሌዎቹ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። አባትየው እሺ ሊሉ ትንሽ ሲቀራቸው «እስቲ ልጁን በዓይኔ ልየው» አሉ። ደጅ ሲጠብቅ ስለነበር ተጠርቶ ገባ።

«ልጄን ትወዳታለህ?»

«እስካሁን የታዩት ምልክቶች መውደዴን ያመለክታሉ፤ ሆኖም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»

እናትየው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አባትየው ከዘራቸውን ጨብጠው ብድግ አሉ።

«ይሄን አነጋገር ማነው ያስተማረህ?»

ናትናኤል፣ ካወቅሁት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቅንጣት ሳይጠራጠር ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«እሳቸው ናቸው!»