ዝም ያለችው ልጅና ዝም የማይለው አባቷ

የልጅ ጥርስ ቢዘገይ ጎረቤት አይሰበሰብም። እግሩ ቢዘገይም «ሰነፍ ነው፣ ይነሳል» ተብሎ ይታለፋል። አፉ የዘገየ ልጅ ግን የመንደር ጉዳይ ነው። እሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በእሱ ምክንያት የሚፈሰው ቃል ተሰብስቦ ቢሰጠው ኖሮ እስኪያረጅ ይበቃው ነበር። ሰው ዝምታን እንዴት እንደሚፈራ ታዝባችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ዝም ብለው ከተቀመጡ ሦስተኛው ይመጣና «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» ይላል። ዝም ያለችው የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃን ስትሆን ደግሞ የሚመጣው ሦስተኛ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሠላሳኛውም ይመጣል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን፣ ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አሰብ ላይ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ ስሄድ «ሙቀቱን አንድ ዓመት ከቻልክ ትለምደዋለህ» ብለውኝ ነበር። ሙቀቱን አልለመድኩትም፤ ስለ ሙቀቱ ማውራትን ግን ለመድኩ። አሰብ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ውሻው ሳይቀር ከቆመ ተሳቢ መኪና ሥር ይጋደማል። ክፍት ሆኖ የሚውለው የሰው አፍ ብቻ ነው። ከእነዚያ አፎች መካከል የእኔ የመጨረሻው እንዳልነበረ አሁን፣ ከዕድሜ በኋላ፣ አምናለሁ።

ባለቤቴ ዘነበች ትባላለች። ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ በቅጡ በማይዘንብበት ከተማ ስሟ ብቻውን ሰው ያስቅ ነበር። ልጃችን ትርሲት የተወለደችው እዚያው አሰብ ነው። ዓይኗ ንቁ ነው፤ የተባለችውን ትሰማለች። «የአባትሽን ጫማ አምጪ» ሲሏት ሁለቱንም እግር አግኝታ ታመጣለች፤ እኔ ራሴ የማላገኘውን ማለቴ ነው። ብቻ አትናገርም። የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች፤ ካልገባን እጃችንን ይዛ ትጎትታለች፤ አሁንም ካልገባን መሬት ላይ ቁጭ ብላ በትዝብት ታየናለች።

«የአማርኛ መምህሩ ልጅ አማርኛ አትናገርም» የሚለው ወሬ ከወደቡ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ርእሰ መምህራችን፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ስለነበረ ስለ ልጅ አስተዳደግ የማያውቀው ነገር አልነበረም። በረንዳዬ ላይ እግሩን አነባብሮ «ቋንቋ ነው የተጋጨባት» አለኝ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ በአንድ በኩል አፋርኛ፣ በሌላው በኩል ትግርኛ፣ ከመስጊዱ ዓረብኛ። መርከቦች ወደቡ ላይ ተጨናንቀው አንዳቸውም ማራገፍ እንዳቃታቸው ነው አለኝ። ምሳሌው ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም እውነት መሰለኝ። የተማረ ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እንዲህ ነው። የአንድ ሹም ሚስት ደግሞ፣ ሻይዋን እያማሰለች፣ «አባትየው የልጅቱን ድርሻ አውርቶ ጨርሶባት ይሆናል» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እንግዲህ መምህር አይደለሁ? ጠመኔ አነሳሁ። በረንዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልኩና ከሥራ ስመለስ ልጄን ፊቱ አስቀምጬ «በይ ውሃ»፣ «በይ ዳቦ»፣ «በይ አባባ» ማለት ጀመርኩ። ትርሲት ሰሌዳውን ሳይሆን አፌን ታያለች፤ ዓሣ ሲንፈራገጥ እንደሚያይ ሰው። አንድ ቀን፣ በሰኔ ሙቀት መሃል፣ ውሃ ጠምቷት በጣቷ አሳየችኝ። ብርጭቆውን ሞልቼ ከራሴ በላይ ከፍ አደረግሁና «ውሃ በይ፤ ካላልሽ አታገኚም» አልኳት። እስኪ አስቡት፤ በሰኔ፣ በአሰብ። ትንሽ ተነጫነጨች፣ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ማልቀስ ያለ ድምፅ አሰማች፣ እኔም ብርጭቆዬን እንደ ዋንጫ ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻ ተነሳች፣ የግቢውን በር ገፋ አደረገችና ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አገጯ ረጥቦ ተመለሰች።

ውሃ ጠጥታ የመጣችው ከጎረቤታችን ከፋጡማ ቤት ነው። ፋጡማ ከባሕሩ ዳር ከበይሉል መንደር የመጣች አፋር ናት፤ ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። አማርኛዋ ከ«እንደምን አደርሽ» ተነስቶ «ዓሣ አለ» ላይ ያበቃል። ከባለቤቴ ጋር ግን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋርኛ፣ የቀረውን በእጅና በቅንድብ እያደረጉ ከጠዋት እስከ ማታ ይግባባሉ። እኔ በአምስት ዓመት ጉርብትና ከእሷ ጋር የተለዋወጥኩት «ሰላም አለይኩም» የምትለውን ብቻ ነበር፤ እሷንም በችኮላ። እናም የረጠበውን አገጭ ሳይ ጥፋተኛው ወዲያው ተገለጠልኝ። የርእሰ መምህሩ መርከብ ይህች ናት።

«ከዛሬ ጀምሮ ትርሲት ፋጡማ ቤት አትሄድም» አልኩ።

ዘነበች ምንም አልመለሰችም። እሺ እንዳለችኝ ቆጠርኩት። ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ አቶ ደጉ መጣ። አቶ ደጉ በየቤቱ እየዞረ የሚያክም የቀድሞ ድሬሰር ነው። በእሱ ትምህርት የሰው ልጅ በሽታ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚወጋና የሚቆረጥ። የትርሲትን አፍ በማንኪያ እጀታ ከፈት አድርጎ አየና የሚቆረጥ መሆኑን ነገረን።

«ምላሷ ታስሯል» አለ። «ከሥር ያለችውን ጅማት በመቀስ ጥቅ ማድረግ ነው። አምስት ደቂቃም አይፈጅ።»

«አቶ ደጉ» አለች ዘነበች፣ «ምላሷ ታስሮ ከሆነ አገጯ ላይ የቀረውን ማር እንዴት ትልሰዋለች?»

«እሱ ሌላ ነው» አለ አቶ ደጉ።

«ምኑ ነው ሌላ? ምላሷ አይደለም እንዴ የሚልሰው?»

«የሙያውን ለባለሙያ ተይለት» አልኩ እኔ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ልጄ እንድትናገር ፈልጌ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሰው ወሬውን እንዲያቆምልኝ ነበር የፈለግሁት። ለዚያ ስል የልጄን ምላስ ለመቀስ ሰጠሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ያልጠራኋቸው ሁሉ መጡ። ርእሰ መምህሩ ነጭ ሱፍ ለብሶ፣ የሹሙ ሚስት ማራገቢያዋን ይዛ፣ ሌሎች ሁለት መምህራንም ተከትለው በረንዳው ላይ ተደረደሩ። የትርሲትን የመጀመሪያ ቃል ለመስማት ነው የመጡት፤ ምን ልትል እንደምትችልም ክርክር ተጀምሯል። አቶ ደጉ መቀሱን በጋዝ ምድጃችን ላይ ይቀቅላል። ዘነበችን ብጠራ መልስ የለም። ጓዳ ብገባ ሰው የለም። ወዴት እንደሄዱ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ተናድጄ የፋጡማን በር ገፋሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ ቤት ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስቱም ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ፋጡማ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዛለች። ከራሷ በላይ አላነሳችውም፤ በትርሲት ዓይን ልክ ይዛ፣ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ትርሲትም ዝም አለች። «ውሃ በይ» ልል አፌን ስከፍት ዘነበች ዞር ሳትል መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋች። እንደዚያ ዓይነት መዳፍ የትራፊክ ፖሊስ እንኳ የለውም። ቆምኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በክፍሌ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ተማሪ ጠይቄ ሁለቱን ቀጥቼ ነበር።

«ሌ» አለች ትርሲት።

«ሌ» አለች ፋጡማ ቀስ ብላ፤ ጣሳውንም ሰጠቻት።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ውሃ አለች» አለች ዘነበች። «በአፋርኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ቀን አትነግሪኝም?»

ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችኝ። በፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

«መቼ ዝም ብለህ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያ የበረንዳው ቀን የታወሰኝ። ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ ስቆም ትርሲት ያሰማችው፣ ለቅሶ መስሎኝ ያለፍኩት ድምፅ ይኸው «ሌ» ነበር። ሁለት ጊዜ ብላዋለች። ልጄ ውሃ ለምናኝ፣ እኔ ቃሉ በእኔ ቋንቋ ስላልነበረ ከለከልኳት። ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፋጡማ ምንም ሳትል ለእኔም ውሃ ቀዳችልኝ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እሷና ትርሲት በየቀኑ እዚህ እንደሚውሉ፣ የፋጡማ ታናሽ ወንድም እስከ አምስት ዓመቱ እንዳልተናገረና ዛሬ ጀልባ ላይ ሆኖ ማዕበሉን አልፎ የሚሰማ ድምፅ እንዳለው፣ እናታቸውም አፉን ያስፈቱት እንዲህ በመጠበቅ እንደነበረ ዘነበች ነገረችኝ። ትርሲት አራት ቃል አላት፤ ሁለቱ አፋርኛ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱን እሷና ፋጡማ ብቻ ያውቁታል።

ወደ በረንዳው ተመልሼ «ልጄ ተናግራለች፤ ሌ ብላለች» ብዬ ለጉባኤው አስታወቅሁ። ርእሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሌ እኮ የለ ኃምስ ናት እንጂ ቃል አይደለችም» አለ። የሹሙ ሚስት የአፋርኛ ቃል እንደ ንግግር ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀች። በዚህ ላይ ሐሳብ መለዋወጥ ጀመሩ፤ ባልቋረጣቸው ኖሮ ድምፅ ሊሰጡበት ነበር።

«አቶ ደጉ፣ መቀስዎን ይያዙና ይሂዱ» አልኩ።

«መቀሱ እኮ ተቀቅሏል» አለ፣ ከልቡ አዝኖ።

«እንግዲያው ጥፍርዎን ይቁረጡበት።»

ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው አነሰ። አልደብቃችሁም፤ ያ ወር ጥሩ ወር ነበር።

በክረምቱ እረፍት በጭነት መኪና ሦስት ቀን ተጉዘን አዲስ አበባ ለሐኪም አሳየናት። ሐኪሙ ጆሮዋን መረመረ፣ ምላሷን አየ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለ። «አትፈትኗት» አለን። «የያዛችሁትን፣ የምትሠሩትን በአጭሩ ንገሯት። ከዚያ ጠብቁ። የምትሰጣችሁን ማንኛውንም ቃል ተቀበሉ።»

«ይህንን ፋጡማም ነግራናለች» አለች ዘነበች።

ሐኪሙ ፋጡማ የትኛው ሆስፒታል እንደምትሠራ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ትምህርት የጀመረው አንድ ሰው ነው፤ እኔ። «ይህ ዳቦ ነው» እላለሁ፤ ከዚያ አሥር እስክቆጥር አፌን መዝጋት አለብኝ። አራት ላይ ስደርስ ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል፤ ሰባት ላይ ዘነበች በክርኗ ትጎሽመኛለች። ሰሌዳው ወርዶ የዶሮ ቤት በር ሆነ። ተአምር አልታየም። ሁለት ቃል የምታገኝበት ወር አለ፣ የነበራትን የምትጥልበት ወርም አለ፤ እኛ ተስፋ ቆርጠን ጀርባና ጀርባ የተኛንባቸው ሌሊቶችም አሉ። አምስት ዓመቷ ላይ ሁለት ቃል ማጋጠም ቻለች። ወደ ስድስት ስትጠጋ ዓረፍተ ነገር መጣ፤ «ረ»ን «ለ» እያለች፣ ብርቱካኑን ብልቱካን እያደረገች፣ ቀስ ብላ፣ የያዘችውን ቃል ከጨረሰች በኋላ ሌላውን እያነሳች። ርእሰ መምህሩ ቋንቋዎቹን በመለየታችን የመጣ ውጤት መሆኑን ለሰው ሁሉ ነገረ። አቶ ደጉ ደግሞ መቀሱን ባየች ጊዜ ደንግጣ ምላሷ እንደተፈታ ያስረዳል። መቀሱን አላየችውም፤ ግን ለማን ይነገራል?

በዚያው ዓመት የፋጡማ ባል ጓዙን ጠቅልሎ ወደ በይሉል ሊመለስ ሆነ። ይቅርታ ሳልጠይቃት እንዳትሄድ ፈራሁ። ችግሩ አፋርኛ አልችልም፤ ዘነበችም «የራስህን ራስህ ተናገር» ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ የቋንቋ መምህሩ የስድስት ዓመት አስተርጓሚ ይዞ ሄደ።

ንግግሬን በደንብ ተዘጋጅቼበት ነበር። ፋጡማ የታሰሩ እቃዎቿ መሃል ቆማ፣ እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ስለ ባይተዋርነቴ፣ ስለ አላዋቂነቴ፣ የተማረ ሰው በትምህርቱ እንዴት እንደሚታወር፣ በእሷ ደግነት ፊት ምን ያህል እንዳነስኩ፣ ሌሊት ሌሊት እንዴት እንደሚቆጨኝ፣ አንዱን ሐረግ በሌላው ላይ እየደረብኩ ተናገርኩ። እውነቴን ነው፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ትርሲት እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ፋጡማ ዞራ ሁለት ቃል ተናገረች። ፋጡማ ሳቀች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ የትርሲትን ፀጉር ዳበሰች፣ ለእኔም እጇን ሰጠችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስችል አለኝ።

«ምን ነገርሻት?»

«ይቅልታ ይላል አልኳት።»

«ያን ሁሉ የተናገርኩትስ?»

እንደ ልማዷ ጊዜዋን ወሰደች።

«እሱ ስላንተ ነበል» አለች።