ስታንዮ በአውሮፕላን ነዳጅ የወይኑን ንጉሥ ከውርጭ ስላወረደበት ዕለት

ሚንቾ የሰደበኝ በወይን ንጉሡ በፔትኮ የአንድ ዓመት ዘመነ መንግሥት፣ ወይን በሚገረዝበት በብርዱ በቅዱስ ትሪፎን በዓል ዕለት፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ በመንደራችን በጎርኖ ሎዜ የወይን ኮረብታ ላይ፣ ሃያ ሦስት ሰው እየሰማ ነው። ይህን ዜና የምጽፈው ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ስታንዮ ራሴ ነኝ፤ ነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ አላቸው፣ እኔ የለኝም።

የስድቡም ምክንያት፣ የጦር አውሮፕላን ነዳጅ የናፍጣ ወንድም ነው፣ በብርድ አይረጋም፣ ለትራክተርም ይሆናል፣ ቅባት የሌለው ደረቅ በመሆኑ ብቻ የነዳጁን ፖምፓ እንዳይበላ የወጥ ቤት ዘይት ይሻል ማለቴ ነበር። ያን ጊዜ ሚንቾ፣ ባለ ዲፕሎማው መካኒክ፣ ብርጭቆውን አንሥቶ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ስማ አንተ ስታንዮ፣ ትራክተርህ እንቁላል የጣለ ቀን ጥራን፣ መጥበሻ ይዘን እንመጣለን።» ከዚያች ዕለት ጀምሮ ስሜ ዶሮ ሆነ። በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ለታላቅ የሚባለውን «ባይ» ግን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ወእምዝ በሦስተኛው ዓመት፣ በዚያው በዓል፣ መንደሩ እንደ ልማዱ የወይን ንጉሥ ሲመርጥ ሚንቾ ነገሠ፤ የወይን ሐረግ አክሊል ደፍቶ፣ በገዛ ትራክተሩ በሚጎተት ተሳቢ ላይ ተቀምጦ፣ ከበሮ መቺውን ኮልዮን፣ ሰባት ዘፋኝ ሴቶችን ከነባለቤቴ ከዝላትካ፣ የተጠበሰ ዶሮ የታቀፉ አሮጊቶችን (ይህ እኔን አይመለከትም)፣ የመንደሩን ቄስና ሁለት በርሜል ወይን አስከትሎ ወደ ኮረብታው ወጣ። እኔ አልሄድኩም። ከስድቡ ወዲህ ሄጄ አላውቅም።

ወይኑን ገርዘው፣ ጠጥተው፣ ጨፍረው ሲጨርሱ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ደረሰ፤ የንጉሡም ናፍጣ በፊልትሮው ውስጥ እንደ ሞራ ረጋ፤ ከመንደር ሊረዱ የተነሡት ሁለት ትራክተሮችም ገና ከበራቸው ሳይወጡ ሞቱ። ዲፕሎማው ቤት ግድግዳ ላይ ስለነበር አልደረሰለትም።

ያን ጊዜ ዝላትካ በስልክ እንዲህ ስትል አዘዘችኝ፦ «ስታንዮ፣ ያን የሚሸት በርሜልህን ክፈት። ለሚንቾ ብለህ አይደለም። እግሬ አይሰማኝም፤ አሮጊቶቹም ከብርዱ ብዛት መንቀጥቀጥ እንኳ አቁመዋል።»

እዚህ ላይ እውነቱ ይጻፍ። ያን የአውሮፕላን ነዳጅ በርሜል በአቅራቢያችን የነበረው የጦር አየር ማረፊያ ሲዘጋ አንድ ሃምሳ አለቃ በሁለት ጀሪካን ወይን ለወጠኝ፤ ሦስት ዓመት ከአሳማው በረት ጀርባ ሲቀመጥ አንድ ጠብታ ቀድቼበት አላውቅም። አፌ እንጂ እጄ አልደፈረም። ያለኝ አንድ ትራክተር ነው፤ ፖምፓው ደርቆ ቢጣበቅ ዝላትካን የሚያወርድ የለም፣ በጸደይም የሚያርስልን የለም፣ ዶሮ የሚለውም ስም መቃብሬ ላይ ይጻፋል።

ቢሆንም ቀዳሁ። ከወጥ ቤት የሱፍ ዘይት አምጥቼ፣ እኔ በማውቀው ልክ፣ እዚህም በማልጽፈው፣ ቀላቀልኩ። ቁልፉን ባዞርኩ ጊዜ ሞተሩ ሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ዝም አለ፤ ሁለተኛም ሳለ፤ በሦስተኛው ተነሣ፣ ግቢውም የጦር ሰፈር ሸተተ። አራቱን ኪሎ ሜትር አቀበት የታመመ ልጅ ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው ፖምፓውን እያዳመጥኩ ወጣሁ። አልተጣበቀም። አልታነቀም።

ተሳቢውንም ከእኔ ኋላ አሰሩት፤ አሮጊቶቹን በገለባ ሸፈንናቸው፤ ንጉሡም አክሊሉ ላይ በረዶ ተጋግሮ፣ የዶሮው ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ወረደ። በአደባባይ በደረስን ጊዜ አንዲት አሮጊት ስንኳ አልጎደለችም። እነሆ ስታንዮ፣ መዋዔ ውርጭ፣ አለኝታ አሮጊት፣ በሰባተኛ ክፍል ዲፕሎማን የጎተተ፣ ስሙ በመጠጥ ቤቱ በር ሊቀረጽ የሚገባው፤ አይቀርጹትም እንጂ።

ሚንቾም ከተሳቢው ወርዶ፣ አክሊሉን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ የመጨረሻውን አዋጅ ነገረ፦ «ባይ ስታንዮ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሃያ ሊትር ነዳጅ ስንት ዘይት ይገባል? የእኔም ትራክተር ነገ ይነሣ እንጂ።»

ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ሁሉም ይስማው ብዬ እየሠራ ተውኩት። የዝላትካን ክንድ ይዤ፣ እግሯ እስኪሰማት ቀስ እያልን፣ ልኩንም ለራሴ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።